ቲቢ ካልሆነ የሳንባው ጠባሳ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 47 ዓመቱ ነው። እምነበረድና ግራናይት መቁረጫ ቤት ሲሠራ 11 ዓመት ሆነው። ደረቅ ሳል ከያዘው ቆይቷል፤ አሁን ዳገት ላይ ትንፋሹ ያጥረዋል። አክታው ተመርምሮ ነፃ ቢባልም ለ6 ወር የቲቢ መድኃኒት ወስዶ ለውጥ አላገኘም። በቅርቡ ሲቲ ስካን ተነሥቶ «ኢንተርስቲሻል የሳንባ በሽታ» ተባለ። ግቢያችን ውስጥ ዶሮዎች እናረባለን። ወደ ልጆቻችን ይተላለፋል? ከምንስ ይመጣል? (ከቡራዩ)

መልስ፦ እህታችን፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የተነገራችሁ ስም ግን ከ200 በላይ በሽታዎች የሚጠሩበት የጋራ ስም ስለሆነ ምርመራው አላለቀም። በአየር ከረጢቶቹና በደም ሥሮቹ መካከል ያለው ስስ ግድግዳ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ጠባሳ ይይዛል፤ ኦክስጅን እንደ ልብ አያልፍም። የአየር ቧንቧው ስላልጠበበ የሚነፋ የአስም መድኃኒት እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም።

ከጻፉልን ውስጥ ሁለት ነገር ያጠራጥራል። መጀመሪያ ድንጋዩ። እምነበረድ ውስጥ ሲሊካ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የድንጋይ ማዕድን) ጥቂት ነው፤ ግራናይት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 45 በመቶ ይይዛል፤ ለወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚውለው ሰው ሠራሽ ኳርትዝ ደግሞ 90 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ «ድንጋይ ቆራጭ ነኝ» ብሎ መናገር አይበቃም፤ የትኛውን ድንጋይ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ በውኃ ወይስ በደረቁ እንደሚቆርጥ ለሐኪሙ ይንገር። ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው ልብስ የሚያነጣው አቧራ ሳይሆን ዓይን የማያየው ብናኝ ነው፤ አፍ ላይ የታሰረ ፎጣ አያስቀረውም። ሲሊካ የገባበት ሳንባ ለቲቢም የተጋለጠ ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ቢጨርስም አክታው በጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ተሕዋስን ዘረ መል በሚፈልግ ምርመራ) በድጋሚ ይታይ። ቲቢ ከተገኘ እሱ ይተላለፋል።

ሁለተኛው ዶሮው ነው። የደረቀ ኩስና የላባ ብናኝ፣ እንዲሁም የሻገተ ጭድ አንዳንድ ሰው ላይ ሳንባን ያስቆጣል። የዶሮ ቤቱን ባጸዳ ከ4 እስከ 8 ሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ካለው፣ ካተኮሰውና ካሳለው ትልቅ ፍንጭ ነው። ሲቆይ ግን ይህ ምልክት ይጠፋና ቀስ እያለ የሚብስ ትንፋሽ ማጠር ብቻ ይቀራል። መንሥኤው ይህ ከሆነ ጽዳቱን ለሌላ ሰው መስጠት መፍትሔ አይሆንም፤ ዶሮዎቹ ከግቢው መውጣት አለባቸው። አቧራው ከወጡም በኋላ ለወራት ስለሚቆይ ቤቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳ።

የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሲጋራ፣ እንደ ሜቶትሬክሴት፣ አሚዮዳሮንና ናይትሮፉራንቶይን ያሉ መድኃኒቶችም ይህንኑ ያመጣሉ፤ የሚወስደውን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዞ ይሂድ። መንሥኤው የማይታወቀው ዓይነት በብዛት ከ60 ዓመት በላይ ያሉትን ይይዛል።

ሲቲው በ1.5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በቀጠነ ቁርጥ መነሣቱን ይጠይቁ፤ በወፍራም ቁርጥ ጥቃቅኑ ለውጥ ያመልጣል። ስፓይሮሜትሪ (የትንፋሽ አቅም መለኪያ) እና የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተናም ያስፈልጉታል። ቡራዩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ የጤነኛ ሰው ኦክስጅን እንኳ በቆላ ካለው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ጣት ላይ በሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 93 በመቶ ቢያነቡ አይደንግጡ። ሲራመድ በ4 ነጥብና ከዚያ በላይ የሚወርድ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ይነገር።

ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት (ቁጣን የሚያበርድ) ከፋርማሲ ገዝቶ መጀመር አደገኛ ነው። ከዶሮ ለሚመጣው ሊረዳ ይችላል፤ የሲሊካን ጠባሳ ግን አያነሣም፣ የተደበቀ ቲቢንም ያስነሣል። ፒርፌኒዶንና ኒንቴዳኒብ የሚባሉት መድኃኒቶች የጠባሳውን መስፋፋት ያዘገያሉ እንጂ ጠባሳ የያዘውን አይመልሱም።

ውጤቱ እስኪመጣ በደረቁ መቁረጡን ዛሬውኑ ያቁም፤ ቢቻል ሌላ የሥራ ክፍል ይቀየር። ልብሱን በአየር መንፊያ አያራግፍ፣ ለብሶትም ቤት አይግባ፤ ለልጆቹ የሚያሰጋቸው ይህ አቧራ ነው። ኤን 95 ማስክ የሚረዳው ፊት ላይ ሲገጥም ነው፤ ጺም ካለ በጎን ያስገባል።