የሄንደል «መሲሕ» ላይ መቼ ይጨበጨባል?

«ከማርቆስ አዲስ አበባ ሄጄ ኦርኬስትራና መዘምራን መሲሕን ሲያቀርቡ ልሰማ ነው፤ ሰው ፊት እንዳላፍር መቼ ላጨብጭብ?» ላልከው፦

በየዝማሬው መሃል ዝም በል። የሙዚቃ ደራሲው ሄንደል እ.ኤ.አ. በ1741 የደረሰው ይህ የዝማሬ ሥራ ሦስት ክፍል አለው፤ ክፍሉ አልቆ የኦርኬስትራው መሪ እጁን አውርዶ ወደ እናንተ ሲዞር ያኔ አጨብጭብ። የጎጃም ልጅ ነህና አይጠፋህም፤ ቅኔው ቤት ሳይመታ «ይበል!» ይባላል እንዴ? ከተጠራጠርህ ደግሞ ሌሎቹ ይጀምሩና ተከተል።

የሁለተኛው ክፍል መዝጊያ «ሃሌ ሉያ» ሲጀመር ብዙ ሰው ብድግ ይላል፤ አንተም ተነሣ። የእንግሊዝ ንጉሥ ተነሥቶ ስለነበር ነው ይላሉ፣ ማስረጃው ግን ቀጭን ነው። ማኅሌት ቆሞ ላደረ ሰው አራት ደቂቃ ምን አላት!

የማስጠነቅቅህ ሰዓቱን ነው። እኔ በዕለቱ ተነሥቼ ዓባይ በረሃ ላይ ጎማ ፈነዳብን። ስደርስ በሩ ተዘግቷል፤ የመጀመሪያውን ክፍል ኮሪደር ላይ ቆሜ በግድግዳ ሰማሁት። አንተ በዋዜማው ግባ። ሙሉው ከቀረበ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚወስድ የማታውንም መኝታ አስቀድመህ ያዝ።