ብርድ ልብሱን ግለጡ፦ ስለ አረጋውያን መጦሪያ ጥያቄና መልስ

ለ19 ዓመታት በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስነት ሠርቻለሁ። ወላጃችሁን መጦሪያ ያስገባችሁ፣ ለማስገባትም የምታስቡ፣ ጠይቁኝ። ስለ ክፍያና ስለ ውርስ ግን አትጠይቁኝ፤ ሙያዬ አይደለም።

የመጨረሻ ልጅ፦ ሲስተር፣ ጥሩ መጦሪያ በምን ይታወቃል?

በጣም ሰፊ ጥያቄ ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሳትናገሩ ሂዱ። ማታ ሂዱ፤ በእረፍት ቀን ሂዱ። ሠራተኛ የሚሳሳው ያኔ ነው። ስትደርሱ ደግሞ ብርድ ልብሱን ግለጡ።

ሩቅ ያለሁ፦ እናቴ ከአልጋ አትነሳም። ከወገቧ በታች ቀላ ያለ ነገር አየሁ። ሠራተኞቹ «ሙቀት ነው» አሉኝ። እውነት ነው?

ሙቀት ነው ብለህ አትለፈው። ቀይ የሆነውን ቦታ በጣትህ ጫን አድርገህ ልቀቀው። ነጣ ብሎ ተመልሶ ከቀላ ደሙ ይዘዋወራል። ካልነጣ የአልጋ ቁስል ጀምሯል። ቆዳዋ ጠቆር ያለ ከሆነ መቅላቱም መንጣቱም ላይታይህ ይችላል። ስለዚህ በእጅህ ጀርባ ዳብሰው። ከዙሪያው ይሞቃል? ይቀዘቅዛል? ጠንክሯል ወይስ ላልቷል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አጥንትና ፍራሽ ቆዳውን መሃል አስገብተው ሲጫኑት ደም አይደርሰውም። ሥጋው ከውስጥ ይሞታል። ላዩ ሲከፈት ጉዳቱ ቆይቷል ማለት ነው። የጅራት አጥንት፣ ዳሌ፣ ክርን፣ የጭንቅላት ጀርባና ተረከዝ ዋና ዋናዎቹ ቦታዎች ናቸው። የኖረው ልማድ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። ፍራሹ ጥሩ ከሆነና ቆዳዋ ከቻለ ሊራዘም ይችላል፤ ያን የሚወስነው ግን ቆዳዋን ያየ ሰው ነው። የቀላውን ቦታ አትሹት። መሃሉ ክፍት የሆነውን ክብ ትራስ አታስቀምጡባት፤ ዙሪያውን ያንቃል። ወደ ላይ ስትስቧት አትጎትቷት፤ ለሁለት በአንሶላ አንሷት።

የማገላበጫ መዝገቡን አሳዩኝ በል። የሌሊቱ ሰዓት ሁሉ በአንድ እጅ፣ በአንድ ትንፋሽ የተሞላ ከመሰለህ ጠይቅ።

አንድ አባት ነበሩን። ጢማቸው ተላጭቶ፣ ጸጉራቸው ተበጥሮ፣ አንሶላቸው ነጭ። ልጃቸው በየሳምንቱ ትመጣለች፤ አመስግናን ትሄዳለች። አንድ ቀን ካልሲያቸውን ሳወልቅ የግራ ተረከዛቸው ጠቁሮ ደርቋል። እሳቸው ስሜቱ ስለሌላቸው አላሉም። እኛም በየፈረቃው ካልሲ ለብሰው አይተን አልፈናል። እኔም አንዷ ነበርኩ። ለዚህ ነው ግለጡ፣ ግለጡ የምላችሁ።

ቤቴ ይሻለኛል፦ ወላጅን ለባዳ ሰጥቶ ተረከዝ ማየት ምን ይባላል? ልጅ እያለ!

አራት ዓመት የጦርኩ፦ እናቴን ብቻዬን ሳገላብጥ ወገቤ ተቆርጧል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም ነበር። ሳያዩ አይፈርዱም።

ቤቴ ይሻለኛል፦ እኔም ጦሬያለሁ።

አራት ዓመት የጦርኩ፦ ስንት ሆናችሁ?

ይብቃ። ቁስል ቤት ውስጥም ይወጣል። ተረኛው ልጅ ይሁን ሠራተኛ፣ ተረከዙ አይለይም። ቀጣይ።

ሁለተኛ ልጅ፦ አባቴ የመርሳት ችግር አለበት። «ያስቸግራል» ብለው ማረጋጊያ ይሰጡታል። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ነው የማገኘው።

የመድኃኒቱን ስም ጠይቂ። ለሳይኮሲስ (ከእውነታ ለሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) የሚሰጥ ከሆነ፣ የመርሳት ችግር ላለባቸው አረጋውያን የሞት አደጋን እንደሚጨምር የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ አዲሶቹ መድኃኒቶች፣ በ2008 ደግሞ ስለ ነባሮቹ አስጠንቅቋል። አንዳንዴ ግድ ይሆናል። ግን ማን አዘዘው? ለምን? መቼ ይቆማል? ይመልሱልሽ። የሚያስቸግርበት ምክንያትም ይፈለግ፦ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት መታገድ፣ ባትሪው ያለቀ የመስሚያ መሣሪያ። በራስሽ ግን በድንገት አታስቁሚው።

የልጅ ልጅ፦ አያቴ ከትናንት ጀምሮ መቀባዠር ጀመሩ። እርጅና ነው አሉን።

እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም። ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው። ሲያረጁ የውኃ ጥም ስሜት ይቀንሳል፤ ብርጭቆው እጃቸው ይደርስበታል?

ጠያቂ፦ እንዳይወድቁ የአልጋ መከለያ ብረት ይደረግ?

በብረቱ ላይ ሲወጡ ከከፍታ ይወድቃሉ። በመሃሉም አንገት ይያዛል። አልጋው ዝቅ ይበል።

አዲስ ገቢ፦ ሲስተር፣ የአልጋ ቁስል እንዴት ይከላከላል?

ከላይ ጽፌዋለሁ። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

አሳቢ፦ ወርሃዊ ክፍያውስ ተገቢ ነው?

አልመልስም ብያለሁ።

የመጨረሻ ልጅ፦ ሲስተር፣ አሁን እማዬ ጋ ነኝ። ሳልናገር መጣሁ። ካልሲዋን አወለቅኩ። ቀኝ ተረከዟ ቀልቷል። ስጫነው አልነጣም።

ከባቷ ስር ትራስ አድርጊ፤ ተረከዟ ምንም ሳይነካ አየር ላይ ይሁን። ተረኛዋን ነርስ ጥሪና አብራችሁ እዩት። መጠኑ፣ ቀኑና ሰዓቱ መዝገብ ላይ ይጻፍ። ሌላኛውንም ተረከዝ እዪ። ከዚያ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።