ጓሯችን ተቆፍሮ ቤታችን ይሞቃል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ ቤታችን በ1958 የተሠራ ነው፣ የጋዝ ፈርነሱ 19 ዓመት ሆኖታል፣ ኤሲውም ባለፈው ሰመር ሁለቴ ቆመብን። ሰሞኑን አንድ ሰውዬ በር አንኳኩቶ ጓሯችሁን ቆፍረን በጂኦተርማል ዊንተር ሰመር እንገላግላችሁ፣ ቢላችሁ ግማሽ ይሆናል፣ መንግሥትም 30 ፐርሰንቱን ይመልስላችኋል አለን። ባለቤቴ "አሉቶ ላንጋኖ ጓሯችን ሊገባ ነው" እያለ ይስቅብኛል። እውነት እዚህ ሰፈር ከመሬት ሙቀት ይወጣል? ያረጀ ቤት ላይስ ይሠራል?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ የሳቀው በከንቱ አይደለም። አሉቶ ላይ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ተቆፍሮ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሚሞቅ ቦታ እንፋሎት የሚወጣው ተርባይን አዙሮ መብራት እንዲያመነጭ ነው፣ እናንተ ጓሮ ሊገባ የታሰበው ግን ከሱ ጋር የሚጋራው ስሙን ነው። አገር ቤት የጉድጓድ ውሃ ቀድተሽ ከሆነ ነገሩን ታውቂዋለሽ፣ በኅዳር ጠዋት ውርጭ እጅ ሲቆርጥ ውሃው ለብ ይላል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ያው ውሃ ጥርስ ያማል። የተለወጠው አየሩ ነው እንጂ ውሃው አይደለም። እናንተ ሰፈርም አስር ሜትር ወረድ ሲባል መሬቱ ዊንተር ሰመር ሳይል 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ በሚገባው የፕላስቲክ ፓይፕ ውሃና አንቲፍሪዝ እየዞረ ያቺን ሙቀት ይዞ ይመጣል፣ ቤዝመንት ያለው ሂት ፓምፕ ደግሞ እንደ ፍሪጅ ሞተር ጨምቆ ከፍ ያደርጋታል (የፍሪጅሽን ጀርባ ንኪው፣ ይሞቃል አይደል?)፣ ሰመር ላይ ተገልብጦ የቤቱን ሙቀት መሬት ውስጥ ይደፋል። ለ1 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት ይሰጣል፣ ይሄ ውሸት የለበትም።

ያረጀ ቤት ላይ ይሠራል ወይ ላልሽው ይሠራል፣ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ከጉድጓዱ ይልቅ ቤቱ ነው። የሂት ፓምፕ አየር ከጋዝ ፈርነስ አየር ቀዝቀዝ ስለሚል ብዙ አየር ቀስ እያለ መንፋት አለበት፣ የ1958 ዳክት (የአየር ማስተላለፊያው ቱቦ) ደግሞ ጠባብ ከሆነ ያፏጫል፣ የላይኛው መኝታ ቤት አይሞቅም፣ ከዚያ ኢመርጀንሲ ሂቱ፣ ማለትም መጠባበቂያው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ይነሳና በተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቤት እንደማሞቅ ይሆንብሻል። ስለዚህ መጀመሪያ አቲኩ ኢንሹሌሽን ይጨመርበት፣ ንፋስ የሚገባበት ይደፈን፣ ቀጥሎ ቤቱ ምን ያህል ማሞቂያና ማቀዝቀዣ እንደሚፈልግ የሚያወጣው ማኑዋል ጄ የሚባለው ስሌት ክፍል በክፍል ይሠራ። ቤቱ 4 ቶን (ቶን እዚህ ክብደት ሳይሆን የማሽኑ አቅም መለኪያ ነው) ይፈልግ የነበረው ወደ 3 ቶን ከወረደ ጉድጓዱም ያጥራል፣ ምክንያቱም ለአንድ ቶን ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 200 ጫማ ይቆፈራል። አፉ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው፣ ግን መቆፈሪያው ትልቅ መኪና ስለሆነ በአጥሩና በቤቱ መሃል ማለፉን ለኩ፣ ጭቃውም ጉድ ነው፣ ጽጌረዳ ካለሽ ቀድመሽ ንቀይው።

ገንዘቡ ላይ ሰውዬው ወይ አልሰማም ወይ እናንተ አልሰማችሁም ብሎ ነው። የፌዴራሉ 30 ፐርሰንት ታክስ ክሬዲት ሐምሌ 2025 በወጣው ሕግ ከዲሴምበር 31፣ 2025 በኋላ ለሚወጣ ወጪ ቀርቷል። ሜሪላንድ ለጂኦተርማል የራሷ የኢነርጂ ክሬዲት (ሊሸጥ የሚችል ሰርተፊኬት) አላት፣ በማን ስም እንደሚመዘገብ ግን ውሉ ላይ ይጻፍ። "ቢል ግማሽ" የሚለው በዘይት፣ በፕሮፔን ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ ለሚሞቅ ቤት ሊደርስ ይችላል፣ እናንተ ግን ጋዝ ናችሁ፣ ጋዝ ርካሽ በሆነበት ዊንተር ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ወጪው ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር። ፓይፑ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ቤት ውስጥ ያለው ማሽን ከ20 እስከ 25 ዓመት፣ ስለዚህ ቤቱን ልትሸጡት ካሰባችሁ እኔ አልገባበትም። ልትኖሩበት ከሆነ ግን ከአየር ሙቀት የሚስበውን ተራ ሂት ፓምፕም ዋጋ አስጠይቁና ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው የሚያዋጣው።

ባለቤትሽን እየሳቀም ቢሆን የእጅ ባትሪና ሜትር አስይዘሽ አቲክ ላኪው፣ ኢንሹሌሽኑ ስንት ኢንች እንደሆነ ለክቶ ይውረድ፣ ሰውዬው ተመልሶ ሲያንኳኳ ያንን ቁጥር ስጡትና ማኑዋል ጄውን በጽሑፍ ጠይቁት።