ለቤት የሚሆን የስፖርት ማሽን የቱ ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው ልብንና ሳንባን ለማጠንከር ቤት ውስጥ የሚሠራባቸውን ማሽኖች የሚመለከቱ ስለሆኑ፣ የዛሬውን ዓምድ ለእነርሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ወላጆቼ ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል፤ አባቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። ቤቴ ያለውን ትሬድሚል (በሚሽከረከር ቀበቶ ላይ ባሉበት የሚራመዱበት ማሽን) ልልክላቸው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ለወላጆችዎ ማሰብዎ የሚያስመሰግን ነው፤ ትሬድሚሉን ግን ባይልኩት እመርጣለሁ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ120 ቮልት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ መብራት ደግሞ 220 ቮልት ነው። ትራንስፎርመር ይገዛለታል ቢባል እንኳ፣ ሞተሩ ሰው በረገጠው ቁጥር ብዙ ኃይል ስለሚስብ ለትንንሽ የቤት ዕቃ የሚገዛው ዓይነት አይችለውም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የመብራት መጥፋት ነው፤ በመራመድ ላይ ሳሉ ቀበቶው ከእግር ሥር በድንገት ሲቆም አንድ ወጣት ተንገዳግዶ ይተርፍ ይሆናል፣ በስኳር ምክንያት እግራቸው የደነዘዘ አዛውንት ግን ሊወድቁ ይችላሉ።

በእኔ አስተያየት ለአባትዎ የሚሻለው የጀርባ መደገፊያ ያለው፣ ፔዳሉን በማግኔት የሚያከብደው ሳይክል ነው። መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ ከወንበሩ ለመውረድም አያስቸግርም፤ እዚያው አዲስ አበባ ቢገዛ ደግሞ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው በቅርብ ይገኛል። ከመጀመራቸው በፊት ግን ሐኪማቸውን ያማክሩ። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚቀንሱ፣ ማሽኑ የሚያሳየው የልብ ምት ቁጥር ምን ያህል እንደደከሙ በትክክል ላይነግራቸው ይችላል። ከዚያ ይልቅ ፔዳሉን እየመቱ ማውራት የሚችሉ፣ መዝፈን ግን የሚያቅታቸው ከሆነ ልኩ ያ ነው። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ስኳራቸው ሊወርድባቸው ስለሚችል ከረሜላ ከአጠገባቸው አይጥፋ፤ ጫማቸውንም አውልቀው እግራቸው መላላጥ አለመላላጡን ሁልጊዜ ይዩ።

ጥያቄ፦ ጉልበቴን ያመኛል። ሳይክል ይሻለኛል ወይስ ኤሊፕቲካል (ቆመው እየረገጡ እጅና እግርን የሚያንቀሳቅሱበት ማሽን)?

መልስ፦ በሁለቱም ላይ እግር ከመርገጫው ስለማይነሣ እንደ ሩጫ ጉልበትን አይደበድቡም። በኤሊፕቲካል ላይ ግን የሰውነትዎን ክብደት የሚሸከሙት ራስዎ ነዎት፤ በሳይክል አብዛኛውን የሚሸከመው ወንበሩ ነው። ስለዚህ ሕመሙ እስኪቀልልዎ በሳይክል ይጀምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በወንበሩ ከፍታ ላይ ነው፤ ወንበሩ ዝቅ ሲል ጉልበት ከመጠን በላይ ስለሚታጠፍ ከጉልበት ሎሚው (ፊት ለፊት ካለው ክብ አጥንት) ሥር ያለው ጫና ይጨምራል። ሲያስተካክሉ ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አድርገው ወደ ታችኛው ጫፍ ይግፉት፤ እግርዎ እዚያ ላይ ቀጥ ካለ ከፍታው ደህና ነው። ከዚያ በፊተኛው የእግርዎ መዳፍ ሲረግጡ ጉልበትዎ በጥቂቱ ታጥፎ ይቀራል። ፔዳሉን አያክብዱት፤ ጉልበትዎ የሚያብጥ ወይም አልዘረጋ የሚል ከሆነ ግን የሚያስፈልግዎ ማሽን ሳይሆን ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጎረቤት ሳልረብሽ የሚሠራ ማሽን አለ?

መልስ፦ በትሬድሚል መሮጥ ለእርስዎ አይሆንም፤ ላስቲክ ቢነጠፍለትም የእግር ድምፁ በወለሉ አልፎ ታች ይሰማል። በማግኔት የሚሠራ ሳይክል ወይም የቀዘፋ ማሽን ግን ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ በአየር የሚሠራው የቀዘፋ ማሽን ያጓራል። ቀዘፋ እግርን፣ ጀርባንና ክንድን በአንድ ጊዜ ስለሚያሠራ ጊዜ ለሌለው ሰው እወድለታለሁ፤ ሲስቡ መጀመሪያ በእግር መግፋት፣ ቀጥሎ ጀርባን ማቅናት፣ በመጨረሻ ክንድን ማጠፍ ነው። በጀርባ ብቻ የሚስብ ሰው ወገቡን ያመዋል። ብዙዎቹ ሁለት ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ርዝመት ስላላቸው ክፍልዎን አስቀድመው ይለኩ፤ ሊፍት ከሌለም ደረጃው ላይ የሚሸከመውን ሰው ያስቡ።

ጥያቄ፦ ማሽኑ 400 ካሎሪ አቃጥለሃል ይለኛል። ልመነው?

መልስ፦ አይመኑት፤ ቁጥሩ ግምት ነው። የትሬድሚሉን እጀታ ተደግፈው ሲራመዱ ድካምዎ ይቀንሳል፣ ማሽኑ ግን ያንን አያውቅም። የትናንቱን ከዛሬው ጋር ለማነጻጸር ብቻ ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ በሳምንት ስንት ደቂቃ ይበቃል? ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆችም አሉን።

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ይጨመርበታል። በአንድ ጊዜ መጨረስ አያስፈልግም፤ አሥር አሥር ደቂቃውም ይቆጠራል። ልጆቹን በተመለከተ፣ የሚሽከረከር የትሬድሚል ቀበቶ የሕፃን እጅ ክፉኛ ስለሚልጥ፣ ሠርተው ሲጨርሱ የደኅንነት ቁልፉን ነቅለው ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ፣ ሶኬቱንም ይንቀሉ።