ለአራሷ እህቴ፦ ሌሊቱን ግጥም ጻፊበት

እህቴ፣ በሰው አገር ወልደሽ ይህን የምታነቢ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ምናልባት ይህን ቃል በስልክ ብቻ ነው የሰማሽው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ልጄን የወለድኩት ስቶክሆልም፣ ታኅሣሥ ላይ ነው። እዚያ በታኅሣሥ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች። ሐዋሳ ብወልድ ኖሮ ጎረቤቱ ገንፎ ይዞ ይገባል፤ አንዷ ሕፃኗን ስትቀበለኝ እኔ ጋደም እላለሁ። እዚያ ግን ባሌ ሥራ ከሄደ እኔና እሷ ብቻ ነን። እናቴ ስትደውል «ደህና ነኝ» እላታለሁ። ሌላ ምን ልበላት?

አንድ ሌሊት እያጠባሁ ስልኬ ላይ ሁለት ስንኝ ጻፍኩ፦

ልጄ እያለቀሰች ስነቃ ስነቃ፣
ማንም አላየኝም ካለዚያች ጨረቃ።

ወዲያው ለእናቴ ደወልኩላት። እዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ሐዋሳ 11 ሰዓት ነው፤ እናቴ ወደ ገብርኤል ልትሄድ ነጠላዋን የምትለብስበት ሰዓት። አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ እንደ ሸክላ ነው እንዴ የነቃሽው?» አለችኝ። ሰሙ ከእንቅልፍ መንቃት፣ ወርቁ መሰንጠቅ። በደህናው አማርኛ ለሳምንታት ያልወጣልኝን ሰማችው። ያን ቀን እሷም እኔን ወልዳ እንዴት ታለቅስ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አንስታው አታውቅም።

ስለዚህ እሹሩሩ በተባልሽበት ቋንቋ ጻፊ፤ አማርኛም ይሁን ሲዳምኛ። በአማርኛ ከሆነ የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ምት ሞክሪ። ስንኙ ለሁለት ይከፈላል፣ 6 ቀለም በ6 ቀለም፤ ቀለም ማለት ስታነቢው በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው የቃል ክፋይ ነው። ሕፃን ታቅፈሽም በጣትሽ ትቆጥሪዋለሽ። እኔን መቁጠሩ ራሱ ያረጋጋኝ ነበር፤ ልጄንም በዚያው ምት እወዘውዛታለሁ። ቤት ካልመታልሽ ተዪው፣ ነገ ይመታል። የሚያሳፍርሽንም ጻፊ። «እወዳታለሁ፣ ግን ዛሬ ጥያት መሄድ አማረኝ» ብለሽ ጻፊ። ፌስቡክ ላይ ግን አትለጥፊው። አንዱ መጥቶ «እናትነት ጸጋ ነው፣ አታማሪ» ይልሻል፣ ብዕርሽም ይደርቃል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ግጥም ሐኪምን አይተካም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ሆድ መባስ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይተዋል። ካልተወሽ፣ ወይም ራስሽን አለዚያም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ሳታድሪ ለአዋላጅሽ ወይም ለሐኪም ንገሪ። እኔ ስለ ስሜቴ 10 ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሲሰጡኝ ሁሉንም ደህና ነኝ ብዬ ሞላሁ። ለጨረቃ የነገርኩትን ለነርሷ ደበቅኩ። አንቺ እውነቱን ሙዪ።

ልጄ አሁን 15 ዓመቷ ነው። ባለፈው ሰንበት ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ግጥሙን አነበብኩላት። አማርኛዋ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለተኛው «ነቃ» አልገባትም። ቤት ስንመለስ ከመደርደሪያው ላይ የነቃውን ጀበናችንን አውርጄ አሳየኋት።