ጊዮርጊስ ግቢ ያለው የድንጋይ ፎቅ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ተወልጄ ያደግኩት ባህር ዳር ነው፣ ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ፎቅ ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ ግን ማን እንደሰራው እርግጡን የሚነግረኝ አጣሁ፣ አንዱ የፖርቹጋል ነው ይላል አንዱ የጣሊያን። ለምንስ አይወራለትም? ደግሞ ከተማችን ከጨርቃጨርቅ ፋብሪካው በፊት ምንም አልነበረችም የሚሉትስ እውነት ነው? (ከአባይ ማዶ)

መልስ፦ የጣሊያን አይደለም፣ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ሲገባ እሱ ድሮም ነበረ። ሲነገር የኖረው ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳውያን የተባለው የካቶሊክ ማህበር ሚሲዮናዊ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አሰራው እየተባለ ነው። ሰውየው ደግሞ ፖርቹጋላዊ ሳይሆን ስፔናዊ ነው፣ በ1610 ዓ.ም ከንጉሱ ጋር ሄዶ የግሽ አባይን ምንጭ ያየው፣ ጎርጎራ ላይም ለንጉሱ የድንጋይ ቤተ መንግስት የሰራው እሱ ነው፣ በ1614 ዓ.ም እዛው አረፈ።

የዛ ዘመን ትልቁ ነገር ኖራ ነው። በጭቃ የተያያዘ ግንብ ክረምት በመጣ ቁጥር ይታጠባል፣ የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ ኖራ ሲሆንና ከአሸዋ ጋር ሲቦካ ግን ይደርቅና ይጠነክራል። ጢስ አባይ ስትሄዱ የምትሻገሩትን የአላታን ድልድይ እዩት፣ በ1618 ዓ.ም አካባቢ ተሰርቶ ገበሬው እስከዛሬ አህያውን ጭኖ ይሻገርበታል፣ ሽማግሌዎች በእንቁላል ነው የተቦካው ይላሉ፣ ያቆመው ግን ኖራው ነው። ፓኤዝ ሰራው የሚሉም አሉ፣ ያኔ እኮ ሞቷል!

ለምን አይወራለትም ላልከው፣ ለኔ የሚመስለኝ ንጉሱ ካቶሊክ በመሆኑ ብዙ ደም ስለፈሰሰ ነው፣ አፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም ነገሱና በኋላ ሚሲዮናውያኑን አባረሩ፣ የኖራውን ሙያ ግን አልጣሉትም፣ ጎንደር ላይ ግንባቸውን አሰሩበት። የኛም ፎቅ የዚሁ ታሪክ ቁራጭ ነውና ዝም መባሉ ያንገበግበኛል።

ከፋብሪካው በፊት ምንም አልነበረም የሚለው ስህተት ነው። ባህር ዳር ጊዮርጊስ የሚባል የደብር መንደር ነበረ፣ በጣና ዳር ወይጦ የሚባሉት ሰዎች ከደንገል ታንኳ ይሰሩ ነበር፣ ጣሊያን ወደብና አውሮፕላን ማረፊያ ሰራ፣ ፋብሪካው የመጣው ከዛ በኋላ በ1953 ዓ.ም ነው፣ እሱም በጣሊያን የጦር ካሳ ብር።

የድሮው ወደብ ወይም የመንደሩ ፎቶ በየቤታችሁ ካለ ኮፒውን ላኩልን፣ የት እንደተነሳ ከጀርባው መጻፍ እንዳትረሱ።