ፎርን ወደ ዋይል ስትቀይር ጭማሪዋ የት ገባች?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይሄ ነው፦ ከ1 እስከ 10 የሚቆጥር፣ የ3 ብዜቶችን የሚዘል ፎር ሉፕ (ትእዛዞችን እየደጋገመ የሚያሠራ ዙር) ጽፈሃል። ወደ ዋይል (ሁኔታው እውነት እስከሆነ ድረስ የሚዞር ሉፕ) ስትቀይረው ግን 1 እና 2ን አትሞ ዝም አለ። እኔም እዚያው ጉድጓድ ገብቼ አውቃለሁ። ያን ማታ ኮምፒውተሬ የተበላሸ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አብርቼዋለሁ።

በሲም በጃቫም ቋንቋ የፎር ቅንፍ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ መነሻ (ቆጣሪው የሚጀምርበት ቁጥር)፣ ሁኔታ (ሉፑ እስከመቼ እንደሚዞር)፣ ጭማሪ (በየዙሩ ቆጣሪው ላይ የሚደመረው)። ወደ ዋይል ስትሄድ አንዳቸውም አይጠፉም፤ ቦታ ይቀይራሉ እንጂ። መነሻው ከሉፑ በላይ ይወጣል። ሁኔታው ቅንፉ ውስጥ ይቀራል። ጭማሪው የሉፑ መጨረሻ መስመር ላይ ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ በትክክል ሠርተኸዋል።

ጉዱ ያለው የ3 ብዜቶችን ለመዝለል የጻፍከው ኮንቲኒዩ («የቀረውን ትተህ ወደ ቀጣዩ ዙር እለፍ» የሚል ትእዛዝ) ላይ ነው። ፎር ውስጥ ኮንቲኒዩ ሲባል ፕሮግራሙ መጀመሪያ ጭማሪውን ይሠራል፣ ከዚያ ሁኔታውን ይፈትሻል። ዋይል ውስጥ ግን በቀጥታ ወደ ሁኔታው ይሄዳል። አንተ ጭማሪውን ታች አድርገኸዋል። ቁጥሩ 3 ሲሆን ኮንቲኒዩ ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ ጭማሪው ጋ ሳይደርስ። ስለዚህ አሁንም 3 ነው። እንደገና 3። ፕሮግራምህ ዝም ያለ ይምሰል እንጂ እዚያው እየዞረ ነው።

ከኮንቲኒዩ በፊት አንድ ጭማሪ ብትጨምር ይሠራል። እኔ ግን አልወደውም፤ ጭማሪው ሁለት ቦታ ይሆንና ነገ አንዱን ቀይረህ ሌላውን ትረሳለህ። ይልቅ ኮንቲኒዩን አውጣውና ኢፉን (የ3 ብዜት መሆኑን የሚጠይቀውን መስመር) ገልብጠው፦ «የ3 ብዜት ካልሆነ አትም»። ጭማሪው ከኢፉ ውጭ፣ ታች ብቻውን ይቀመጥ።

ዱ ዋይል የሚባለው ሌላ የሉፕ ዓይነት ከመጣብህ ደግሞ አንድ ነገር ያዝ፦ ሁኔታውን የሚፈትሸው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ቢያንስ አንዴ መሥራቱ አይቀርም። መነሻህ 11 ቢሆን ፎሩ ምንም አያትምም፣ ዱ ዋይሉ ግን 11ን ያትማል።

ወደ ፓይተን ቋንቋ ከሄድክ ሬንጅ (ለፎሩ የሚቆጥራቸውን ቁጥሮች የሚሰጠው) ላይ ተጠንቀቅ። ከ1 እስከ 11 ብለህ ስትጽፍ የሚቆመው 10 ላይ ነው፤ ዋይሉ ላይ «ከ11 ያነሰ» በል። «ያነሰ ወይም እኩል» ካልክ አንድ ዙር ትርፍ ታገኛለህ።

በተረፈ ዋይሉ ሲያልቅ ቆጣሪው አይጠፋም፤ 11 ሆኖ ይቀመጣል። ፎር ቅንፍ ውስጥ የተፈጠረ ቆጣሪ ግን በጃቫ ከሉፑ ጋር ያበቃለታል። ከታች በዚያው በዋይሉ ቆጣሪ ሌላ ዋይል ጽፈህ ጭራሽ አልሠራ ካለህ፣ መጀመሪያ ወደ 1 መልሰኸው እንደሆነ እይ።